ከዓሣው ገንዳ ሥር የተገኘው ውኃ

በዚህ ዐምድ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ዕቃ አጠባበቅ ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የምናቀርበው ከአዋቂዎች የሰማነውን ነው። የዛሬው ግን በገዛ ቤታችን የደረሰ ነገር ስለ ሆነ ከክቡራን አንባቢዎቻችን ፊት ስናቀርበው ጥቂት እናፍራለን። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በእንግዳ መቀበያ ክፍላችን ካለው የዓሣ መስተዋት ገንዳ ሥር ውኃ እየፈሰሰ ምንጣፋችንን አበላሸው። ምንጣፍስ ታጥቦ ይደርቃል፤ እኛን የሚያሳፍረን ጥፋቱን ምንም በደል በሌለባት በቤት ሠራተኛችን ላይ መጫናችን ነው።

ዓሣን በመስተዋት ገንዳ ማኖር ዛሬ በአዲስ አበባ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በሆቴልም፥ በሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍልም፥ በመኖሪያ ቤትም ይታያል። ፈረንጆች አኳሪየም ይሉታል። የሎንዶን የአራዊት ማኖሪያ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1853 ዓ. ም. የዓሣ ቤት ከፍቶ ለሕዝብ አሳየ፤ በማግሥቱም ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ ስለዚሁ ጥበብ መጽሐፍ አሳተመ፤ ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ሰዎች በየቤታቸው ዓሣ ማኖርን ወደዱት። ያን ጊዜ ውኃውን ንጹሕ አድርጎ ያቈያል ተብሎ የሚታመነው በውኃ ውስጥ የሚበቅል ተክል ነበር። አሁን ይህን ሥራ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማጣሪያ ይዞታል፤ የእኛም ጣጣ የመጣው ከዚሁ ማጣሪያ ነው።

ገንዳችን ርዝመቱ 100፥ ወርዱ 40፥ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እስከ አፉ ቢሞላ 200 ሊትር ውኃ ይይዛል፤ ክብደቱም 200 ኪሎ ማለት ነው። ማጣሪያው ገንዳው በተቀመጠበት ባለ መዝጊያ የእንጨት ሣጥን ውስጥ የሚቆም፥ ባልዲ የሚያህል የተከደነ ጣሳ ነው። ሁለት ቱቦ አለው፤ በአንዱ ውኃ ከገንዳው ይወርድለታል፤ በሁለተኛው የተጣራውን ወደ ላይ ይመልሳል። በሆዱ ስፖንጅና ቀዳዳው የበዛ የሸክላ ፍርፋሪ ተደርድሮበታል። ሞተሩ በክዳኑ ላይ ነው። ክዳኑና ጣሳው በሚገናኙበት ከንፈር ላይ መካኒኮች ኦሪንግ የሚሉት የጎማ ቀለበት ይገባል፤ ከዚያም አራት መቈለፊያዎች ክዳኑን ወደ ታች ይዘው ይጫኑታል። እንግዲህ ያ ሁሉ ውኃ ወደ ምንጣፍ እንዳይወርድ የሚከለክለው ከትንሽ ጣት የቀጠነ ይህ ጎማ ነው።

የመጀመሪያው ቀን አንድ ማክሰኞ ጧት ነበር። የምንጣፉ ጠርዝ አንድ ክንድ ያህል ርሶ ተገኘ። ሠራተኛችን በየጧቱ ያን ክፍል በባልዲና በጨርቅ የምትወለውል እርሷ ስለ ሆነች ባለቤታችን «ባልዲውን ደፍታው ነው» አለች፤ እኛም ያለ ምርመራ ተቀበልን። ልጅቱ አልደፋሁም ብላ ማለች፤ «ይሁን፤ ወደ ፊት ተጠንቀቂ» ብለን አለፍናት። ከዐሥር ቀን በኋላ ምንጣፉ እንደገና ረጠበ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከሥሩ ያለው የእንጨት ወለልም አብጦ ስለ ነበረ ተቈጣንና ምንጣፉ የታጠበበትን ዋጋ ከወር ደመወዟ ላይ ቀነስንባት። እርሷም አንገቷን ደፍታ ወጣች፤ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ሦስተኛው ጊዜ ግን ክርክር የማይገባበት ሆነ። ክፍሉን ማታ የቈለፍነው እኛ ነበርን፤ ጧትም የከፈትነው እኛው ነን፤ ባልዲው በጓሮ ተደፍቶ ደርቋል፤ ምንጣፉ ግን ርሷል። እኛ ቆመን ስናይ ልጅቱ ከበሩ ላይ ሁና «ጋሼ፤ ካልተቈጡኝ አንድ ነገር ልናገር» አለች። «ተናገሪ» አልናት። «ውኃው የሚገኘው ሌሊት መብራት ጠፍቶ ባደረ ቀን ነው። ትናንትም ጠፍቶ ነበር» አለች።

እውነቱን ለመናገር በልባችን ሳቅን። ሞተሩ ሲዞር ውኃ ይገፋል፤ ሲቆም ውኃውም ይቆማል፤ የቆመ ሞተር እንዴት ውኃ ያፈሳል? የሚል ሐሳብ ነበረን። ዳሩ ግን ልጃችን የቤት ሥራውን በሻማ የሠራባቸውን ሌሊቶች ከባለቤታችን ጋራ ሁነን ስንቈጥር ሦስቱም ከሦስቱ ጧቶች ጋራ ገጠሙ። ከዚያ በኋላ መሳቁን ተውን።

የልጅቱ አስተውሎት ትክክል የሆነበት ምክንያት ይህ ነው። ማጣሪያው ከገንዳው በታች ስለሚቀመጥ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ የውኃ ቁመት ቀንና ሌሊት ይጫነዋል። ሞተሩ ሲሠራ ውኃውን ከጣሳው እየሳበ ወደ ላይ ስለሚገፋ በክዳኑ ሥር ያለው ግፊት ጥቂት ይቀልላል፤ ቀለበቱ በመጠኑ ቢጐዳ እንኳ ይህን ይችለዋል። መብራት ሲጠፋ ግን መሳቡ ይቀራል፤ ጠቅላላው ግፊት በቀለበቱ ላይ ይመለሳል፤ ደካማውም ቦታ ያን ጊዜ ማልቀስ ይጀምራል። ስለዚህ ሞተሩ ቆሞ ሳለ የሚያፈስ ማጣሪያ በተገኘ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠረጠረው የክዳኑ ቀለበት ነው። ሞተሩ ሲሠራ ብቻ የሚያንጠባጥብ እንደ ሆነ ግን ከሞተሩ ወዲያ ያለውን የመመለሻ ቱቦና መጋጠሚያውን መመልከት ይሻላል፤ የሞተሩ ግፊት የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነውና።

ጥቂት ጠብታ ነው ብሎ ችላ ማለት አይገባም። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ቢወርድ በአንድ ቀን 86,400 ጠብታ ይሆናል፤ ሃያው ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ስለ ሆነ ከአራት ሊትር በላይ ነው። ይህም ቱቦው ሳይወልቅ ነው። ቱቦው ከነጭራሹ ቢወልቅ ውኃው በገዛ ክብደቱ ተከታትሎ ይወርዳል፤ የሚቆመውም የሚስበው ቧንቧ አፍ ከውኃው በላይ ሲቀር ብቻ ነው፤ አፉ ከገንዳው ወለል አጠገብ ከሆነ ዓሦቹ በጥቂት ጣት ውኃ ውስጥ ይቀራሉ። የውኃ ማሞቂያው መስተዋትም ከውኃ ወጥቶ ሲነድ ሊሰነጠቅ ይችላል። የሚመለሰው ቧንቧ ከውኃው ወለል ጥቂት ዝቅ ብሎ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ቢበሳለት በእርሱ በኩል ወደ ኋላ የሚወርደው ውኃ አየር ስቦ ይቋረጣል። በሚስበው ቧንቧ ላይ ግን እንዲህ አይደረግም፤ ሞተሩ አየር ይውጣልና።

ከሁሉ በፊት ግን የኤሌክትሪኩ ነገር ነው። እርጥብ እጅ ወደ ገንዳውም ሆነ ወደ ጣሳው ከመግባቱ በፊት የሞተሩም የማሞቂያውም መሰኪያ ይነቀላል። ሽቦው ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለ በኋላ እንደገና ወደ ሶኬቱ እንዲወጣ ተደርጎ ይዘረጋ፤ በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ የሚመጣ ጠብታ ከዝቅተኛው ቦታ ላይ ወደ ወለል ይወድቃል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይደርስም። በእኛ ቤት ሽቦው ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች ወደ ሶኬቱ ይወርድ ነበር፤ ልጃችንም በዚያው አጠገብ በእግሩ ቆሞ ዓሦቹን ይመግባል። ይህን ባየን ጊዜ ምንጣፉን ረሳነው።

የሚያፈስበትን ቦታ ማግኘት ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ውኃ መንገደኛ ነውና ከወጣበት ርቆ ይታያል። በገንዳው አፍ የተረጨ ውኃ በቱቦው ላይ እየተንሸራተተ ወርዶ ከጣሳው ሥር ሲጠራቀም ጣሳው በከንቱ ይወቀሳል፤ ልክ እንደ ልጅቱ ማለታችን ነው። ስለዚህ አስቀድመን ሁሉን በደረቅ ጨርቅ ጠረግን። በየመጋጠሚያው፥ በቱቦዎቹ መግቢያ፥ በውኃ መዝጊያዎቹና በክዳኑ ከንፈር ዙሪያ የለስላሳ ወረቀት ቍራጭ አሰርን። ከጣሳው ሥርም ጋዜጣ አነጠፍን። ከዚያም የሞተሩን መሰኪያ ነቅለን፥ የቱቦዎቹን መዝጊያ ግን እንደ ተከፈተ ትተን፥ መብራት የጠፋበትን ሌሊት አስመሰልን። ልጅቱም ወንበር አምጥታ ከእኛ ጋራ ተቀመጠች። አርባ ደቂቃ ያህል ምንም አልታየም፤ ከዚያ በኋላ በስተኋላ ካለው መቈለፊያ አጠገብ የነበረው ወረቀት ጠቈረ፤ የሌሎቹ ሁሉ ደረቅ ነበር።

እንግዲህ መዝጊያዎቹ ተዘግተው፥ ቱቦዎቹ ተለይተው፥ ጣሳው ወደ ሳፋ ተወሰደና ክዳኑ ተከፈተ። ቀለበቱን ከቦታው ስናወጣው የተገኘው ነገር ሁለት ነበር። አንደኛው ከገንዳው ወለል የመጣ የአሸዋ ፍሬ ነው፤ በጎማው ላይ ተጋድሞ እንደ ጠባብ በር ሁኖ ኖሯል። ሁለተኛው የከፋ ነው፤ ጎማው አብጦና ለስልሶ ከጐድጓዱ ውስጥ አልቀመጥ ብሏል፤ በአንድ ወገንም ተጠምዝዟል። ምክንያቱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ከሦስት ወር በፊት ማጣሪያውን ያጠብነው እኛ ራሳችን ነበርን፤ ቀለበቱ ደረቅ ስለ መሰለንም በመታጠቢያ ቤት ያገኘነውን ቫዝሊን በብዛት ቀባነው። ቫዝሊን ከነዳጅ ዘይት የሚወጣ ስለ ሆነ ብዙ ዓይነት ጎማ ያብጥበታል፥ ይለሰልስበታልም። ለዚህ የሚሆነው የሲሊኮን ግራሶ ነው፤ እርሱም የምስር ፍሬ የሚያህል ብቻ በጣት ተወስዶ ጎማው እስኪያብረቀርቅ ይታሻል እንጂ አይለቀለቅም።

ያበጠ ጎማ ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ ስለዚህ ሌላ ያስፈልጋል። ጎማው ክብ ብቻ ከሆነ ውፍረቱንና የውስጥ ስፋቱን ለክቶ ከመኪና መለዋወጫ ሻጮች ዘንድ መፈለግ ይቻላል፤ ብዙዎቹ ማጣሪያዎች ግን ለራሳቸው ተብሎ የተቀረጸ ጎማ ስላላቸው የዚያው የሥሪቱ ካልሆነ አይገጥምም። የእኛ ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ እጅ እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ቈይቷል፤ ሁለት አስመጣን። ዕቃው ሲገዛ ትርፍ ቀለበት አብሮ መግዛት ምንኛ እንደሚሻል ያን ጊዜ ገባን።

አዲሱን ለማግባት ጐድጓዱን በእርጥብ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር መጥረግ፥ በጣትም ዳስሶ አሸዋ አለመኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ነጭ የኖራ ቅርፊት የያዘ ከሆነ በአቼቶ ይለቃል፤ ቢላዋ ግን አይነካውም። ቀለበቱ ሳይጠመዘዝ ይቀመጣል። ስፖንጁም ከመጠን በላይ ተጠቅጥቆ ክዳኑን ወደ ላይ እንዳይገፋ መመልከት ነው፤ ብዙ ሰው ማጣሪያው አብልጦ እንዲያጠራ ብሎ ይህን ያደርጋል፤ ክዳኑም ሳይገጥም በመቈለፊያ ጉልበት ብቻ ይያዛል። መቈለፊያዎቹ ሲዘጉ አንዱና ፊት ለፊቱ ያለው በአንድነት፥ ቀጥሎም ሌሎቹ ሁለቱ ይዘጋሉ፤ በአንድ ወገን ብቻ ከተጀመረ ክዳኑ ያዘነብላል። መቈለፊያው የተሰበረ ከሆነ በሽቦ አስሮ ማቈየት፥ የጣሳው አካል የተሰነጠቀ ከሆነም በማጣበቂያ መለጠፍ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ቁጠባ ነው፤ አዲስ ይገዛ። አንድ ወዳጃችን የሚያፈሰውን ክዳን ዙሪያውን በሲሊኮን ማጣበቂያ ደፍኖት ነበር፤ አላፈሰሰም፤ ለማጠብ ግን በመጋዝ ከፈተው።

ስለ ቱቦ የምንለው ጥቂት ነው። በቆየ ጊዜ ጫፉ ይደርቃል፥ ይሰፋልም፤ ጫፉን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ቈርጦ የቀረውን በሞቀ ውኃ ነክሮ ሲለሰልስ እስከ ውስጥ መግፋት ነው። ርዝመቱ የማይበቃ ከሆነ ይለወጥ።

ሊታወቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ፍሳሹን ለማዳን ስንሠራ ዓሦቹን እንዳንገድል ነው። በስፖንጁና በሸክላው ፍርፋሪ ላይ የሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን አሉ፤ የሩሲያው ሊቅ ሰርጌይ ዊኖግራድስኪ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1890 ዓ. ም. ገደማ ጠባያቸውን መርምሮ ያስታወቀው ዓይነት ናቸው። ከዓሣው የሚወጣውን መርዛም አሞኒያ ወደ ናይትራይት፥ ናይትራይቱንም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ስለዚህ ስፖንጁን ከቧንቧ በሚወርድ ውኃ ማጠብ አይገባም፤ በውስጡ ያለው ክሎሪን ይገድላቸዋልና። ከገንዳው በተቀዳ ውኃ በሳፋ ውስጥ ማለቅለቅ ይበቃል። ጥገናው የሚቈይ ከሆነም ስፖንጁና ሸክላው በሰፊ ሳፋ ተዘርግቶ በገንዳው ውኃ ተሸፍኖ ይቈይ እንጂ በተከደነ ዕቃ አይታፈን። እኛ ግን ቀለበቱ እስኪመጣ ድረስ ሌላ ዘዴ ያስፈልገን ስለ ነበረ በገንዳው ውስጥ የሚገባ ትንሽ የስፖንጅ ማጣሪያ ከነአየር መንፊያው ገዝተን፥ የድሮውንም ስፖንጅ በአጠገቡ ሰቅለን ሦስቱን ሳምንት አሳለፍን፤ ምግባቸውንም ቀነስን።

መብራት በጠፋ ጊዜም ይኸው ነው። ውኃው በታፈነው ጣሳ ውስጥ ሲቆም ተሕዋስያኑ በውስጡ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሳሉ፤ ብዙ ሰዓት ከቈየም ይሞታሉ፥ ውኃውም ይሸታል። በተለይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠረፍ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅን በእኩል ሙቀት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ መብራት ግማሽ ቀን ጠፍቶ የቈየ እንደ ሆነ ሲመጣ ሞተሩን ዝም ብሎ ማስነሣት የታፈነውን ክፉ ውኃ በዓሦቹ ላይ ማፍሰስ ነው፤ አስቀድሞ የጣሳው ውኃ ተደፍቶ ስፖንጁ መለቅለቅ አለበት። ሞተሩ ሳይነቀል ከተተወ መብራቱ ሌሊት ሲመጣ በገዛ እጁ እንደሚነሣም አይዘንጋ።

ቀለበቱ በመጣ ዕለት ጣሳውን በመጀመሪያ በባዶ ሳፋ ውስጥ አቁመን፥ ቱቦዎቹን ከፍተን፥ ሞተሩን ሳናስነሣ አሳደርነው። ፈተናው ሞተሩ በቆመበት ሊሆን እንደሚገባ ያወቅነው ከልጅቱ ነው፤ ሞተሩን አስነሥተን ብናይ ኖሮ ደኅና ነው ብለን እንደገና ምንጣፉን እናነጥፍ ነበር። በነጋታው ከመኝታችን ሳንነሣ እርሷ ቀድማ ጋዜጣውን አይታ «ደረቅ ነው፥ ጋሼ» ስትል ሰማናት። ሞተሩንም አስነሥተን ሁለተኛ ቀን ጠበቅን፤ ያም ደረቅ ሆነ።

ከደመወዟ የቀነስነውን ገንዘብ ባለቤታችንና ልጃችን ባሉበት መልሰን ይቅርታ ጠየቅናት። ገንዘቡን ተቀበለች፤ ስለ ይቅርታው ግን «ምን ገዶኝ ጋሼ፤ እኔን ያሳዘነኝ መሐላዬን አለማመንዎ ነበር» አለች። ለዚህ የምንመልሰው አላገኘንም። ሁለተኛው ቀለበት ከሲሊኮኑ ግራሶ ጋራ በወጥ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ቫዝሊኑን ልጅቱ ከዚያ ክፍል አውጥታ ወደ ሌላ ቦታ ወስዳዋለች፤ የት እንዳኖረችው አልጠየቅንም።